ታምራት ቶላን ያስቆመው ኮምፒውተር

ነገሩ ሲነገር ትንሽ ነው። አንድ ቪዲዮ ቤታችን ባለው ኮምፒውተር ላይ አልሄድ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለሰው ሳወራው "እሺ፣ ከዚያስ?" ይሉኛል። ከዚያማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አናደደኝ፣ ገንዘብ አስወጣኝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ገላገለኝ። እስካሁን የምታብሰለስለኝ ያቺ ንግግር ናት።

ሰውዬው አባዬ ነው። ዕድሜውን ማተሚያ ቤት የጨረሰ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለ ሰው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ቅዳሜ ጠዋት፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ሩጫው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር የሚጀምረው። አባዬ ቡናውን ይዞ ቲቪው ፊት ከተቀመጠ ቆይቷል። ስልኬን አውጥቼ በዳታ ላሳየው ሞከርኩ። መነጽሩን አስተካክሎ ትንሽ አየና "ጉንዳን ነው እንዴ የሚሮጠው?" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ የድሮ ሬዲዮኑን አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ውጤቱን የማያስታውስ የለም። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ነው የገባው። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የያዘውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለው። ይህችን 6 ሰከንድ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አባዬ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። "ዳገቱን አላየሁም።" ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛው ስለ ቬርሳይ ዳገት ደጋግሞ ሲጮህ ሰምቶ ልቡ እዚያ ቀርቷል። በቲቪ ዜና ላይ የሚያሳዩት መጨረሻውን ብቻ ነው። እሱ ዳገቱን ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ ኮምፒውተር አለኝ፣ ይህን ታህል ነገር ለአባቴ ካላደረግሁ ምን ልሆን ነው?

ፍላሹ አልቀበልም ያለው

ፎቅ ላይ ያለው የጎረቤታችን ልጅ ከቲቪ የተቀዳ ሙሉ ሩጫ እንዳለው ነገረኝ። እንዲያውም ሁለት ቅጂ ነበረው። አንዱ 7 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ሌላው 3.4። ሁለቱም ሙሉ ኤችዲ ናቸው፤ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 50 ምስል። "ትልቁን ስጠኝ" አልኩት፣ እንደማንኛውም ሰው ትልቅ የተሻለ ነው ብዬ። ፍላሼ 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኮፒ ስናደርግ ግን "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" የሚል መልእክት መጣ። ተያየን። 32 ጊጋ ላይ 7 ጊጋ እንዴት ነው ትልቅ የሚሆነው?

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የድሮ አሠራር ነው፤ እሱ ደግሞ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆኖ አይቀበልም። ቦታ መኖሩ ግድ አይሰጠውም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሶፋ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

"በቃ ትንሿን ውሰድ። ጥራቷ ያው ነው፣ እኔም በስልኬ ያየሁት እሷን ነው" አለኝ ልጁ። በግማሽ መጠን ያው ጥራት! ደስ ብሎኝ ይዤ ወረድኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

መጀመሪያ ፍላሹን ቀጥታ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ድምፁ ብቻ መጣ፣ ምስሉን "አይደገፍም" አለኝ። ቲቪያችን ቆየት ያለ ነው፣ አልፈረድኩበትም። ኮምፒውተሩን ሳሎን አውጥቼ በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቲቪው ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ ራሙ 4 ጊጋ። ለእኔ ሥራ ይበቃል። ኤክሴል ነው የምሠራበት፣ የሰው ሒሳብ ነው የምዘጋው።

አባዬ ተቀመጠ። ቡና ተፈላ። ሩጫው ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደህና ነበሩ፤ ከላይ የተነሳው የከተማ ምስል ረጋ ያለ ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ሯጮቹ ቀረበ፣ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ባንዲራ የሚያውለበልበው ሰው ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምስሉም መቆራረጥ ጀመረ። ወደ ዳገቱ ስንደርስ፣ ያው አባዬ ሦስት ሳምንት የጠበቀው ዳገት ላይ፣ ታምራት አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። ስታክ አደረገ። የሚገርመው ድምፁ አልቆመም፣ ጋዜጠኛው መጮሁን ቀጥሏል። ከዚያ ታምራት ድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ተገኘ፣ እንደገና ቆመ።

አባዬ ስኒውን አስቀመጠ። "ይሄ ልጅ ይሮጣል ወይስ ይጸልያል?"

ሣቅሁ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። አንድ ሰው በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ በ6 ሰከንድ ታሪክ ሲሠራ፣ የእኔ ኮምፒውተር አንድ ዳገት ላይ ብቻ ከዚያ የበለጠ ሰከንድ በላበት። 6 ሰከንድ ማለት በዚህ ቪዲዮ 300 ምስል ነው። ቪዲዮውን የከፈትኩበት ቪኤልሲ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ስንት ምስል እንደጠፋ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ ከፍቼ ሳይ ቁጥሩ እንደ ታክሲ ሜትር ይሮጣል። ከሩጫው ሁሉ በደንብ የሮጠው እሱ ነው።

ራም፣ አቧራ እና ሌላም ሌላም

በነጋታው ከሥራ ስወጣ አንድ ኮምፒውተር ሱቅ ገባሁ። "ቪዲዮ ይቆራረጥብኛል" አልኩ። ልጁ ጥያቄ አልጠየቀኝም። "ራም ነው" አለ። ስንት አለህ? 4። "በቃ! ማን በ4 ይኖራል አሁን?" 8 ጊጋ አስጨመርኩ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ይህን ብሎግ ታነባለች። ቤት ሄጄ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ በጠቅላላ ትንሽ ፈጠነ፣ እውነት ለመናገር። ታምራት ግን ያችው ዳገት ላይ ቆመ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉታል እንዲህ ነው።

አሁን ሳስበው ልጁም ላይ አልፈርድም። እኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ራም ማለት ለሰው ሕመም ሁሉ ውኃ ጠጣ እንደማለት ነው፤ አይጎዳም፣ አንዳንዴም ይረዳል። ግን ቪዲዮ ማየት ራም የሚበላ ሥራ አይደለም። ፋይሉ ሙሉውን ራም ላይ አይቀመጥም፤ በትንሽ በትንሹ ይነበባል፣ ይፈታል፣ ይጣላል። ሃርድ ዲስክም አይደለም። የእኔ ፋይል በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም፤ የአሥር ዓመት ሃርድ ዲስክ ያንን እየተኛ ያቀብላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ፋይሉን ልቀይረው ብዬ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን እንዲሠራ ትቼው ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስነሳ ግማሽ ፋይል የለ፣ ሩብ ፋይል የለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መጀመሪያ ችግሩን ሳላውቅ መፍትሔ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ሙከራዬ አቧራ ነው። እሁድ ቀን ሲፒዩውን (እኛ ሳጥኑን በሙሉ ነው ሲፒዩ የምንለው፣ ይታረማል ብዬ ተስፋ አላደርግም) በረንዳ ላይ አወጣሁትና ከፈትኩት። ውስጡ ትራስ የሚሞላ አቧራ ነበር። ፋኑ ሥር ያለው ብረት ከመደፈኑ የተነሳ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አይታይም። ሙቀት እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቆ ኖራ መስሏል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እዚህ ፋን የሚያቀዘቅዘው ባሕር ዳርቻ ካለ ፋን ያነሰ ነው። ማራቶን ሯጮቻችንን የጠቀመ ነገር ኮምፒውተሮቻችንን አይጠቅምም። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ አገኘሁት ብዬ ነበር። ጠረግሁ፣ ፔስት ቀባሁ፣ መለስኩ።

ሙቀቱ በጣም ወረደ። መቆራረጡም ቀነሰ። አልጠፋም ግን።

አባዬ ሳጥኑን ሲዳስስ

ያን ዕለት ማታ እንደገና ከፈትነው። እውነቱን ለመናገር አባዬ ያኔ ሩጫውን ትቶታል፤ እኔን አይቶ ነው የተቀመጠው። ልጁ በአንድ ነገር ሲሸነፍ ማየት የማይወድ አባት እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ምንም አይልም፣ ግን ይቀመጣል።

ዳገቱ ደረሰ። ታምራት ቆመ። ፋኑ መጮህ ጀመረ። አሁን ስለተጠረገ ድምፁ ጠርቶ ይሰማል፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ እንደ ሚኒባስ ዳገት ሲወጣ። እኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። አባዬ ግን ከወንበሩ ተነሳ፣ ስክሪኑን ትቶ ወደ ሳጥኑ ሄደ፣ ጎንበስ አለና መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆየ። ሕፃን ያተኮሰው እንደሆነ ግንባሩን እንደሚዳስስ ሰው።

"ይሄ ማሽን ደካማ አይደለም" አለ። "የማያውቀውን ሥራ በእጁ እየሠራ ነው።"

"እንዴት በእጁ?"

መልሶ ተቀመጠና የማተሚያ ቤቱን ነገር አወራኝ። ወረቀት የሚያጥፍ ማሽን ነበራቸው። ለተሠራበት መጠን ሲያጥፍ ለጥ ብሎ ነው፣ አንድ ሰው ጎኑ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማሽኑ የማያውቀው መጠን ይመጣል። ያኔ ማሽኑ ይቆምና ሠራተኛው በሙሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ በእጁ ያጥፋል። "አሥር ጎረምሳ ሌሊቱን ሙሉ። ላቡ፣ ጫጫታው፣ ቤቱ ቀለጠ። ጠዋት ስታየው ግን ማሽኑ በአንድ ሰዓት የሚያጥፈውን አላጠፉም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ማሽኑ ሲሠራ ድምፁ ሌላ ነው፣ ሰው በእጁ ሲሠራ ነው ቤቱ የሚጮኸው።" ወደ ሳጥኑ በአገጩ ጠቆመ። "የአንተ ይጮሃል።"

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላልገባኝ አይደለም፤ በጣም ስለገባኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ይህ ኮምፒውተር ምን ይጎድለዋል? ምን ልጨምርለት?" ራም፣ አየር፣ ፔስት። ይህን ሥራ ያውቀዋል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ተነስቼ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ከፈትኩ። እሱም 1080 ነው፣ ፋይሉ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በጎን ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። እህቴ እየጨፈረች፣ ሚዜዎቹ እየዘለሉ፣ ፕሮሰሰሩ 9 በመቶ ላይ ነው። ፋኑ ትንፍሽ አላለም። መለስ ብዬ ታምራትን ከፈትኩ፤ 100 በመቶ። ያው ኮምፒውተር፣ ያው የስክሪን መጠን፣ ያው ደቂቃ። ቪኤልሲ ላይ የኮዴክ መረጃ የሚለውን፣ ማለትም ቪዲዮው በምን ዘዴ እንደታሰረ የሚናገረውን፣ ሳይ ሰርጉ ኤች 264 ይላል፣ ማራቶኑ ደግሞ ኤች 265፣ 10 ቢት።

አለቀ። ነገሩ እዚያ ጋ ነበር።

ሻንጣውን ማን ይፈታዋል?

አንድ የሙሉ ኤችዲ ምስል 2,073,600 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ስክሪን ላይ ሲወጣ ለሦስቱ ቀለሞች ሦስት ባይት ብንይዝለት፣ አንድ ምስል 6.2 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 50 ምስል ከሆነ 311 ሜጋባይት በሰከንድ። ለታምራት 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ስናባዛው ከ2.3 ቴራባይት ይበልጣል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ነው የደመርኩት። ያ ሁሉ ነው 3.4 ጊጋባይት ውስጥ የገባው። ወደ 700 እጥፍ ተጨምቆ ማለት ነው።

ከዓረብ አገር የምትመጣ ዘመድ ሻንጣ ታስታውሳላችሁ? ካልሲ ጫማ ውስጥ፣ ሽቶ ካልሲ ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ አየሩ ወጥቶ እንደ መጽሐፍ ሆኖ። ሻንጣው ባነሰ ቁጥር መፍታቱ ይከብዳል። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአስተሳሰር ዘዴ ነው። ኤች 265 በ2013 መጣ፣ ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ቦታ ይበቃኛል ብሎ። ያንን ግማሽ ያገኘው ግን በነፃ አይደለም። የድሮው ምስሉን 16 በ16 በሆኑ ካሬዎች ሲከፍል፣ አዲሱ እስከ 64 በ64 ይሄዳል፣ እንደ ቦታው እየቆራረጠ። አንድን ቁራጭ ከጎረቤቱ ተነስቶ ለመገመት የድሮው 9 መንገድ ነበረው፣ አዲሱ 35 አለው። ፈቺው ይህን ሁሉ ተከትሎ መሄድ አለበት፣ ለዚያውም ለአንድ ምስል 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ተሰጥቶት። ካለፈው ያ ምስል ይጣላል። 10 ቢት መሆኑ ደግሞ በላዩ ላይ ነው፤ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ የነበረው 1,024 ይሆናል። ሰማዩ ያምራል፣ ፕሮሰሰሩ ያለቅሳል።

ዘመናዊ ግራፊክስ ውስጥ እንግዲህ የአባዬ ማጠፊያ ማሽን አለ። አንዲት ትንሽ ክፍል ናት፣ ሌላ ሥራ የላትም፣ ይህን ሻንጣ መፍታት ብቻ ነው የተማረችው። የምትችለው ፋይል ከመጣ ፕሮሰሰሩ ሻይ ይጠጣል። የማታውቀው ከመጣ ፕሮሰሰሩ ራሱ እጁን ጠቅልሎ ይገባል፣ ያኔ ነው ቤቱ የሚጮኸው። የእኔ ፕሮሰሰር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኤች 264ን በልቡ ያውቃል። ኤች 265 የተወለደው ከእሱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ገና ያልተወለደ ቋንቋ ማን ያስተምረዋል?

የጎረቤቴ ልጅ ስልክም በዚሁ ይፈታል። ስልኩ ከእኔ ዴስክቶፕ ይበልጣል ብዬ ቅናት ይዞኝ ነበር። አይበልጥም። ኤክሴል ላይ ቢወዳደሩ አቧራ ያለብሰዋል የእኔ። ግን በቅርብ ዓመታት የወጣ ርካሽ ስልክ እንኳን ያቺ ትንሽ ማሽን ውስጡ አለች።

ደግማችሁ ራም እንዳትገዙ

እዚህ ላይ ከኪሴ የከፈልኩበትን ልንገራችሁ። ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሄዱ "አይ3 ነው አይ7?" ብላችሁ አትጀምሩ። ትውልዱን ጠይቁ። ኢንቴል ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ይነግራችኋል፤ አይ7-2600 ማለት ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ አይ3-7100 ማለት ሰባተኛ። ሱቅ ውስጥ አይ7 የሚለው ስም ከባድ ሆኖ ይሰማል፣ ለብዙ ሥራም ያው ከባድ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ያ አይ3 ይሻላል። ስድስተኛው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ተራውን 8 ቢት ኤች 265 በራሱ ይፈታል። 10 ቢቱን በደንብ የያዘው ሰባተኛው ነው። አሁን ደግሞ ኤቪ1 የሚባል ሌላ መጥቷል፣ እሱን ከፈለጋችሁ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው።

ያለኝን አልጥልም የሚል ሰው ግራፊክስ ካርድ መጨመር ይችላል፣ እዚህም ግን ወጥመድ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሱቅ ስሄድ (ሌላ ሱቅ) ጂቲ 710 አሳዩኝ፤ "2 ጊጋ ግራፊክስ" አሉኝ፣ ዋጋውም ደህና ነው። አሁን ግን ብልጥ ሆኛለሁ፣ ወጥቼ ደጅ ቆሜ በስልኬ አየሁት። ኤች 265 አይፈታም። ጊጋው ስንትም ቢሆን አይፈታም። ከእሱ በኋላ የመጣው ጂቲ 1030 ይፈታል፣ 10 ቢቱንም ጭምር። የሚበላውም 30 ዋት ብቻ ስለሆነ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ያለው ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል። ሳጥናችሁ ቀጭን ከሆነ አጭሩን ዓይነት ካርድ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ክዳኑ አይዘጋም።

ስክሪናችሁንም እዩት እንጂ። ሞኒተሩ 1366 በ768 ሆኖ 1080 ካልሆነ አላይም የሚል ጓደኛ አለኝ። ግማሽ ያህሉን ነጥብ ፕሮሰሰሩ ፈትቶ፣ ላብ አፍስሶ፣ ከዚያ ይጥለዋል። 720 ቢያይ ለእሱም ለማሽኑም ዕረፍት ነበር። ነግሬዋለሁ፣ አይሰማም።

ዳገቱ

እኔ ካርዱን አልገዛሁም። ባለቤቴ ብሎጉን ከማንበቧ በፊት ራሙን አይታ ነበር።

ይልቅ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው አድርጌ እንደገና ፎርማት አደረግሁት፣ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም፣ የ4 ጊጋው በር ተነሳ። ፎቅ ወጥቼ ልጁን "ትልቁን ስጠኝ" አልኩት፤ ያን የመጀመሪያውን፣ ኤች 264ን፣ 7 ጊጋውን። "ትልቁ ይከብድብሃል እኮ፣ ትንሹን አልቻለውም አላልክም?" አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ስጠኝ ብቻ አልኩት።

ማታ ከፈትነው። ሄደ። ዝም ብሎ ሄደ። ሯጮቹ፣ ዛፉ፣ ባንዲራው። ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 12 በመቶን አላለፈም። አንድ ነገር ብቻ ቀረች፤ አባዬ ትንሽ ካየ በኋላ "አሁን ደህና ነው፣ ግን ካሜራው ጎን ለጎን ሲሄድ እንደ መቁነጥነጥ ይላል" አለ። እኔ አላየሁትም ነበር። የሕትመት ሰው ዓይን ነው፣ መስመር ሲንሸራተት የሚያውቅ። ልክ ነበረ። ቪዲዮው በሰከንድ 50 ምስል ነው፣ ኮምፒውተሩ ለቲቪው የሚልከው ግን በ60 ነው፤ ስለዚህ በየሰከንዱ አሥሩን ምስል ይደግማቸዋል። የስክሪኑን ሴቲንግ ወደ 50 ኸርዝ ቀየርኩት። መቁነጥነጡ ጠፋ።

ቬርሳይ ደረሱ። ዳገቱ መጣ። አባዬ ወደፊት አጎንብሶ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ታምራት እየወጣ ነው፣ አንድም እግር አየር ላይ አልቀረም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጋዜጠኛው ድምፅ ብቻ ነው።

አባዬ ድንገት ዘወር ብሎ ሳጥኑን አየው። "ጠፋ እንዴ ማሽኑ?"

"አልጠፋም አባዬ፣ እየሠራ ነው።"

እጁን ዘርግቶ ጎኑን ነካው፣ መለሰው፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ዳገቱ መለሰ።